መዳፌ ላይ የቀመስኩት ሻምፓኝ

ዛሬ ጥቅምት 22 ነው። ይህን ልለጥፍ አልለጥፍ እያልኩ ደጋግሜ ጽፌ አጥፍቼዋለሁ... ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ትምህርቱን ከስምንተኛ ያቆምኩት «ተነሽና አንብቢ» ስባል ድምፄ ስለሚጠፋብኝም ጭምር ነው። እዚህ የምጽፈው ፊቴን ስለማታዩት ነው።

ዛሬ ከሰዓት ደባርቅ እኛ ቤት ሽማግሎች መጡ። ታላቅ እህቴን እናትነሽን ሊጠይቁ ነው። የላካቸው ሞላ ነው፤ ተራራ ለሚወጡ ቱሪስቶች ምግብ የሚያበስል ልጅ። እህቴ ትወደዋለች። አክስቴ ግን አትፈልገውም፤ እሷ ያሰበችላት አምባ ጊዮርጊስ ያለ አንድ እህል ነጋዴ አለ። የመጨረሻው ቃል ግን የአባቴ ነው።

ሽማግሎቹ አንድ ሻምፓኝ ይዘው ነበር። ተራራው ላይ ቡይት ራስ ያረፉ ቱሪስቶች ሲሄዱ ለሞላ ሰጥተውት፣ እሱም ለዚህ ቀን ብሎ ያስቀመጠው ነው። ትልቁ ሽማግሌ አያ ጌጡ ከቡሹ ጋር ሲታገሉ ቆዩና... ጧ ብሎ ወጥቶ ኮርኒሱን መታው። አባቴ ጎንበስ አለ።

«አይደንግጡ ጌታዬ፣ የመጣነው በሰላም ነው» አሉት። ሁሉም ሳቀ። እስከዚህ ጥሩ ነበር።

የምቀዳው እኔ ነበርኩ። በእኛ ቤት መጠጥ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ይህ ለእንግዳው «ደህና ነው፣ ጠጣ» ማለት ነው። ቀምሶ ከቀዳ በኋላ ብልሽት ቢገኝ የሚጠየቀው ያው ቀማሹ ነው።

መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩት።

መጀመሪያ ቅዝቃዜው ተሰማኝ። ፍሪጅ የለንም፤ የደባርቅ ብርድ ነው ያቀዘቀዘው። ከዚያ ምላሴ ላይ ደቃቅ አረፋ... እንደ ለስላሳ የሚቧጥጥ ሳይሆን ቀስ ብሎ የሚሄድ። ይጣፍጣል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ስኳር የለውም። ሎሚ ሎሚ ይላል፤ ከሎሚው ኋላ ገና የተቆረሰ ዳቦ ሽታ አለው። ስውጠው አፌ ደረቅ፣ ንጹሕ ብሎ ቀረ። አንዴ ብቻ መቅመስ ሲገባኝ መዳፌን ላስኩት። ማንም ያየኝ አልመሰለኝም።

ቀዳሁላቸው። ቀድማ ፊቷን ያጨማደደችው አክስቴ ናት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

አያ ጌጡም ተጎነጩና ብርጭቆውን ቶሎ አስቀመጡ። ሰው ሁሉ ሻምፓኝ የሚያውቀው ሠርግ ቤት ነው፤ የሠርጉ ደግሞ ጣፋጭ ነው። «እውነትም... መንገድ ላይ ፀሐይ መትቶት ይሆናል። ይቅርታ አድርጉልን» አሉ። ሞላን የገዛ ሽማግሌው ካዱት።

«አየህልኝ ወንድምዓለም?» አለች አክስቴ ወደ አባቴ ዞራ። «ልጅ ለመጠየቅ ሆምጣጤ የሚልክ ሰው፣ ካገባት በኋላ ምን ሊያበላት ነው?»

የአባቴ ፊት ጠቆረ። የጓዳው መጋረጃ ሲነቃነቅ አየሁ። እናትነሽ ከጀርባው ቆማ እየሰማች ነው።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ቀምሰሽዋል?»

አክስቴ ቀደመችኝ። «የት ቀምሳ... ከንፈሯን አስነክታ ነው የተወችው። አፍራ ነው፣ እሷ ምን ታውቃለች።»

መውጫ ሰጠችኝ። አንገቴን ብነቀንቅ ለእኔ በዚያው ያልቅ ነበር። የእህቴ ነገርም አብሮ ያልቅ ነበር።

«ቀምሼዋለሁ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «አልተበላሸም። ስኳር የሌለው ሆኖ ነው... እንደ ደረቅ ጠጅ። ጥሩ ነው አባባ።»

«መጠጥ አዋቂ ወጣሽልና» አለች አክስቴ። «ባል ሳታገቢ አጣጣሚ ሆንሽ?»

ጆሮዬ ጋለ። ሌላ ቀን ቢሆን ጠርሙሱን አስቀምጬ እወጣ ነበር።

«እትዬ፣ የቀመስኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ከተበላሸ እኔን ጠይቁኝ። ሞላ የላከው ግን የተበላሸ አይደለም።»

አባቴ ብርጭቆውን አነሣ። እንደ ለስላሳ አልጨለጠውም፤ ትንሽ ተጎንጭቶ አፉ ውስጥ አቆየው። ሰው ሁሉ ጉሮሮውን ነው የሚያየው... ዋጠ። እንደገና ተጎነጨ።

«አረፋው ነው እንጂ... ደረቅ ጠጅ ነው በእርግጥ» አለ። ብርጭቆውን ወደ እኔ ዘረጋ። «ድገሚልኝ።»

አያ ጌጡ ወዲያው የራሳቸውን አነሡ። «እኔም እኮ አሁን ሳስበው...» አሉ። አክስቴም ሳቀች ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አልሳቀችም።

አባቴ እሺ አላለም። እምቢም አላለም። «ነገ ከቅዳሴ መልስ ኑ፣ ቃሌን ያኔ ትሰማላችሁ» ብሎ ሸኛቸው።

እንደወጡ አክስቴ ጓዳ ድረስ ተከትላኝ ገባችና ጣቷን ቀሰረችብኝ። «ነገ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ፣ የምቀዳው እኔ ነኝ። ጠዋት ደግሞ ለአባትሽ ተሳስቼ ነው ትዪዋለሽ።» ዝም አልኳት። እንደ ወትሮው እሺ ያልኩ መስሏት ሄደች።

እናትነሽ እጄን ያዘችኝ። «እውነት ጥሩ ነው?» አለችኝ። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረችውን ጠብታ ሰጠኋት። ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈነች።

«ኧረ ይሄ ነገር... ሞላ ራሱ ቀምሶት ያውቃል?»

አፋችንን ይዘን ሳቅን። «ለእኔ አልጣመኝም» አለች ቆይታ። «አንቺ ግን የጣመሽን ተናገርሽ።»

ነገ ጠዋት ለአባቴ ተሳስቻለሁ አልለውም። ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን አደግድጌ ሽማግሎቹ ፊት እቆማለሁ። ጠላም ይሁን ጠጅ ቀምሼ የምቀዳው እኔ ነኝ፤ ከጠየቁኝም የቀመስኩትን ነው የምናገረው።