ሽኮኮዋና የጅዳው ጋሪ

ልጅ ሳለሁ፣ መሮጥ የሚችሉ እግሮች እያሉኝ፣ በጋሪ የምገፋ ልጅ ነበርኩ። ጋሪ ስል የፈረሱን ማለቴ አይደለም፤ ሕፃናት የሚገፉበትን፣ አጎቴ ከጅዳ ሲመጣ ያመጣልኝን ሰማያዊውን ነው። ሲመጣ ልኬ ነበር። ከዚያ እኔ አደግኩ፣ እሱ ባለበት ቆመ። አንደኛ ክፍል ገብቼ እንኳ ጉልበቶቼ ወደ ደረቴ ተጠግተው፣ የጫማዬ ጫፍ ኮብልስቶኑን እየጫረ በደሴ መንገድ ስገፋ ሰው ዞር እያለ ያየኝ ነበር።

ምክንያቱ ሳንባዬ ነው። ትንሽ እያለሁ ክፉኛ ታምሜ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። እኔ ብዙም አላስታውሰውም፤ እማ ግን አንድም ቀን አልረሳችውም። ሐኪሙ «አሁን ድናለች፣ እንደማንኛውም ልጅ ትጫወት» ብሎ ከሸኘን በኋላ እንኳ፣ ትንሽ በተራመድኩ ቁጥር እጇን ጀርባዬ ላይ አድርጋ ትንፋሼን ታዳምጣለች። ደሴ ደግሞ ዳገት ያልሆነ መንገድ የላትም። ስለዚህ ከጋሪው ሳልወርድ ቀረሁ።

ቀበቶው ሆዴ ላይ ነበር የሚታሰረው። መክፈቻው ጠንካራ ስለሆነ በእኔ ጣት አይከፈትም፤ ሲዘጋ ቀጭ የሚለው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከኋላዬ እጀታው ላይ ደግሞ እማ ዘንቢሏን ታንጠለጥላለች። ከፒያሳ ስንመለስ ሽንኩርቱም ዘይቱም ዱቄቱም ጀርባዬ ላይ ነው። አንድ ጊዜ በራችን ደርሰን፣ ፈትታኝ ብድግ ስል ጋሪው ወደ ኋላ ተገለበጠና ዘይቱ ተደፋ። እማ «ያ አላህ! ምን አስነሳሽ!» ብላ ጮኸች። ወዲያው ጸጽቷት አቀፈችኝ፤ ለእኔ ግን ያኔ የገባኝ ሌላ ነገር ነው። እኔ ከተነሳሁ ሁሉም ነገር ይወድቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀበቶው ተፈትቶ እንኳ «ተነሺ» እስክባል ድረስ አልነሳም ነበር።

ምሽቱን ግን እወደው ነበር፤ ማታ ጋሪ የለማ። የእማ አባት፣ አባባ ይማም፣ ከቢስቲማ መጥተው እኛ ጋ የተቀመጡበት ጊዜ ነው። መግሪብ ከተሰገደ በኋላ ያኔ እንደ ልማዱ መብራት ይጠፋል፤ እማ ፋኖሱን ታበራለች፤ ደጅ ተቀጣጥሎ ጭሱ የወጣለት ከሰል ከነማንደጃው ይገባል፤ በሩ ገርበብ ይላል፤ የደሴ ብርድ በዚያች ክፍተት ሲገባ እኔ የአባባ ጋቢ ውስጥ እገባለሁ። ጋቢው የጭስና የሳሙና ሽታ ነበረው። አባባ አመዱን በስንጥር ገፋ ያደርጉና ፍሙ ፊታቸውን ሲያቀላው ተረታቸውን ይጀምራሉ።

ከዚያ በፊት አይጀምሩም። እሳቸው ባደጉበት አገር፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተረት ያወራ ሰው ከብቱ ይጠፋበታል ይባላል። አባባ ደግሞ ቢስቲማ ሌላው አጎቴ ጋ የተዉዋቸው ከብቶች ነበሯቸው፤ በስልክም ሲያወሩ ከሰው ጤና ቀጥሎ የሚጠይቁት የእነሱን ነው። ስለዚህ ቀን ላይ ምን ብለምናቸው «ፀሐይዋን አታዪም?» ብቻ ነው መልሳቸው።

ያን ሰሞን የያዙት ተረት የሽኮኮ ነበር። አንዲት ሽኮኮ ልጇን ንስር እንዳይወስድባት ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ትደብቃታለች። ሣሩን እዚያው ታመጣላታለች፣ ውሃውን በአፏ ይዛ ታጠጣታለች። «ልጅቷ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ታድጋለች» ይሉ ነበር አባባ። «ስንጥቁ ግን አያድግም።» እዚህ ሲደርሱ ሁልጊዜ ፍሙን ትተው እኔን ያዩኛል።

የኢድ ዋዜማ ነበር። በማግስቱ ኮምቦልቻ አክስቴ ጋ ልንሄድ፣ ከዚያ ልጆች ሁሉ ወደሚወሰዱበት መጫወቻ ቦታ ልንገባ ነው። የሚሽከረከሩ ፈረሶች አሉ፣ ባቡር አለ፣ ከቤት የሚበልጥ ሸርተቴ አለ እየተባለ ሳምንቱን ሙሉ ሲወራ ከርሟል። እማ ልብስ እያጣጠፈች ድንገት ቀና አለች።

«አባባ፣ ጋሪውን እንያዘው አይደል?»

«ለማን?»

«ለሐያት ነዋ።»

«ሐያትማ እግር አላት።»

«ቦታው ሰፊ ነው። ሙቀቱን ደግሞ ያውቁታል። ደክማ ብትወድቅብኝስ? በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ብትጠፋብኝስ?»

«ሲደክማት ትቀመጣለች። ቀስ ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ማን ያባርራችኋል?»

«አባባ፣ እርሶ ያኔ ቢስቲማ ነበሩ» አለች እማ፣ ድምፅዋ ቀጠን ብሎ። «ያ የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫዋ ላይ ሲደረግላት አላዩም።»

አባባ አመዱን በስንጥር ገፋ አደረጉ። እኔ ጋቢው ውስጥ ሆኜ ትንፋሼን ይዤ አዳምጥ ነበር። አንዳቸውም አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝስ ምን እል ነበር? መውረድ እፈልጋለሁ፤ ግን የእማ እጅ ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ የሚንቀጠቀጠውን እኔ አውቀዋለሁ። እማ ጋሪውን አጥፋ በሩ አጠገብ አቆመችው። አለቀ።

ያን ማታ አባባ ተረቱን ሲቀጥሉ ሽኮኮዋ ልውጣ አለች። «ጭንቅላቷ ወጣ። ትከሻዋ ቀረ። ወደ ፊትም የለ፣ ወደ ኋላም የለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ነገ ነው።»

«ነገ ኢድ ነው እኮ!»

«ኢድም ማታ አለው» ብለው ፍሙን አመድ አለበሱት።

እኔ ሳልተኛ አደርኩ ማለት እችላለሁ። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር አንገቴ ድንጋይ ውስጥ ነው።

በማግስቱ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጆሮዬ ድፍን አለ፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ተጠመጠመብን። መጫወቻው በር ላይ እማ ጋሪውን ዘረጋችው፣ አስቀመጠችኝ፣ ቀጭ። ሳምቡሳውን፣ የውሃውን ጀሪካን፣ ቅያሪ ልብሴን ዘንቢል ውስጥ አድርጋ ከኋላዬ አንጠለጠለችው። አዲስ ቀሚሴ ጉልበቴ ላይ ተሰበሰበ። የአክስቴ ልጅ ጀማል፣ እኩያዬ፣ ነጭ ጀለብያውን ሰብስቦ እየሮጠ መጣና ቆሞ አየኝ።

«ሐያት በጋሪ መጣች! ፈረሱስ የታለ?»

አብረውት ያሉት ልጆች ሳቁ። እማ «ሂድ ወዲያ፣ አንተ ባለጌ!» አለችው፤ እየሳቀ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት የሰው ወገብ ብቻ ነው። ቀበቶ፣ ቀሚስ፣ ፌስታል የያዘ እጅ። ጩኸቱ ከላዬ ነው የሚያልፈው። የሚሽከረከሩትን ፈረሶች ዘፈን እሰማለሁ፤ ፈረሶቹን ግን ሰዉ ገለል ሲል ብቻ፣ አንዴ ጭራውን፣ አንዴ ጆሮውን ነው የማያቸው። አንዲት ሕፃን በሌላ ጋሪ ጡጦዋን ይዛ አጠገቤ ስታልፍ ዓይን ለዓይን ተያየን። ያኔ ማልቀስ ፈለግኩ፤ ግን በኢድ ቀን ማልቀስ ነውር መስሎኝ ዋጥኩት።

ዙሁር ደረሰ። እማና አክስቴ ሊሰግዱ ሄዱ፤ እነሱ እስኪመለሱ አባባ እኔን ይዘው ዛፍ ጥላ ውስጥ ግንቡ ላይ ተቀመጡ። ቀበቶው ከላቤ ጋር ሆዴ ላይ ተጣብቋል።

«አባባ፣ ሽኮኮዋ ወጣች?»

«ፀሐይዋን አታዪም?»

«ማታ እስኪሆን ትሞታለች።»

አባባ አዩኝ። ጉልበቴን አዩ፣ ጫማዬን አዩ። ከዚያ ወደ ሰማይ አንጋጠጡና «በቃ ይጥፉ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «አጎትሽ ይፈልጋቸው።»

እኔ መጀመሪያ ምን እንደሚሉ አልገባኝም። ገና ስለ ከብቶቹ እንደሆነ ሲገባኝ እሳቸው ጎንበስ ብለው ጀምረዋል።

«ለምን እንዳልወጣች ታውቂያለሽ?»

«ወፍራ።»

«አይደለም። ፈርታ ነው። ከፈራችበት ቀን ጀምሮ ትንፋሿን ይዛዋለች። የነፋት እሱ ነው። እዚያው እንደተቀረቀረች ደከማትና እፎይ አለች። የያዘችው አየር ሁሉ ወጣ። ትከሻዋም አብሮ ወጣ።»

«በቃ?»

«በቃ።»

«ንስሩስ?»

«ንስሩማ አለ» አሉ አባባ። «ንስር የት ይሄዳል?»

እኔም ትንፋሼን እንደያዝኩ ያወቅኩት ያኔ ነው። ለቀቅኩት። ሆዴ ወደ ውስጥ ገባ፣ ቀበቶው ላላ። ወገቤን ወደ ታች ሳብኩ፤ ቀሚሴ ተያዘ፤ እንደገና ተነፈስኩ፤ ከቀበቶው ስር እንደ ዓሣ ሹልክ ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ጓ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዘንቢሉ ጋሪውን ወደ ኋላ ገልብጦታል። ሳምቡሳው አፈር ላይ ተበተነ፣ ጀሪካኑ ተንከባለለ፤ እኔ ግን ብድግ ብዬ ቆምኩ። ጀማል ከሩቅ «ጋሪዋ ተገለበጠች!» ሲል ሰማሁት።

እማ ስትመለስ ያየችው ጎማዎቹ ወደ ላይ የዞሩትን ጋሪ ነው። እኔን አላየችኝም። «ሐያት!» ብላ የጮኸችው ጩኸት፣ ወላሂ፣ አሁን ስጽፈው እንኳ ሰውነቴን ይወርረዋል። ነጠላ ጫማዋ አንዱ ወልቆ በባዶ እግሯ ሮጠች። ስትደርስ ይዛኝ ተንበረከከች፤ ጆሮዋን ጀርባዬ ላይ አደረገች።

«አብሽሪ ዘይነባ» አሏት አባባ እማን። «ቆማ ነው ያለችው።»

«ማን ፈታት?»

«ማንም አልፈታትም።»

እማ ጋሪውን አነሳች። አራገፈችው። ቀበቶውን ፈታ በእጇ ይዛ «ነይ እናቴ፣ ተቀመጪ። ደክሞሻል» አለች። አልቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሰዎች ቆመው ያያሉ። እግሬ ከመሬቱ ጋር ተጣበቀ። መቀመጫው የጀርባዬን ቅርፅ ይዞ እየጠበቀኝ ነው፤ ልቀመጥ ትንሽ ቀረኝ።

«እማ፣ እኔ ልግፋው» አልኩ።

«ምኑን?»

«ጋሪውን። ዘንቢሉ ይቀመጥ።»

እኔን አየችኝ፣ ዘንቢሉን አየችው። ከዚያ ዘንቢሉን አንስታ እኔ የነበርኩበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው፤ እጇ ለምዶባት ነው መሰለኝ፣ ቀበቶውንም አሰረችበት። ቀጭ። አባባ ሳቃቸው አመለጣቸው። እማም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ገፋሁት። እጀታውን ይዤ ስደክም ተደገፍኩበት፣ ቆምኩ፣ እንደገና ገፋሁ። ጀማል መጥቶ «ፈረሱ አንቺ ነሽ ለካ!» አለና በአንዱ ጎን ያዘልኝ። ፈረሶቹን ሙሉ፣ ከጭራ እስከ ጆሮ አየኋቸው። የእማ እጅ ግን ቀኑን ሙሉ ከጀርባዬ አልተነሳም።

አሁን ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። ዘንድሮ ትምህርት ቤት አንድ ነገር ሆኗል፤ ክፍል ፊት ወጥቼ መናገር ጀምሬያለሁ። ስሜ ሲጠራ ደረቴ ድንጋይ ይሆናል፤ ከዚያ ሽኮኮዋ ትዝ ትለኝና እተነፍሳለሁ፤ ድምፄ ይወጣል። ልጆቹ ደፋር እመስላቸዋለሁ። ከሰዓት ግን እማ በር ላይ ባጃጅ ይዛ ትጠብቀኛለች። ሁሉም እየተሳሳቀ በእግሩ ሲወርድ እኔ ገብቼ እቀመጣለሁ፤ ያ ሁሉ ድምፅ ቤት ስገባ የት እንደሚሄድ አላውቅም።

ነገ ኢድ ነው፤ እንደ ያኔው ኮምቦልቻ እንሄዳለን። እማ ዛሬ ጠዋት ሰማያዊውን ጋሪ ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደችው፤ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው። ለእህቴ ለሰሚራ ነው። ሰሚራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አስም አለባት። ቀን ላይ ቢስቲማ ለአባባ ደወልኩ፤ አሁን እዚያው ተመልሰዋል። «አባባ፣ ያ የሽኮኮ ተረት የድሮ ነው ወይስ እርሶ ነዎት የፈጠሩት?» አልኳቸው። «ፀሐይ አለ እኮ። ማታ ደውይ» አሉኝ። ማታ ስደውል ኔትዎርክ የለም።

መብራትም የለም። ፍሙ መሀላችን ነው። እማ «አንቺ ምን ትያለሽ? እንያዘው?» አለችኝ። ክፍል ውስጥ ቢሆን ምክንያት እደረድር ነበር። ግን ከሰሚራ ጋር የምተኛው እኔ ነኝ፤ ደረቷ ሲያፏጭ ተነስቼ እጄን ጀርባዋ ላይ አድርጌ አዳምጣለሁ፤ እጄም ይንቀጠቀጣል። ያኔ እማን የያዛት ምን እንደነበር አሁን በራሴ እጅ አውቄዋለሁ። ስለዚህ መልሱን ትቼ ሰሚራን ጋቢ ውስጥ አስገብቼ ተረቱን ጀመርኩላት።

ከእነዚያ ምሽቶች አብሮኝ የቀረው ድፍረት ነው ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ውሸት ይሆናል። ፍርሃቱ ከነጭሱ ከነፍሙ አብሮኝ አለ፤ ንስሩም አለ። የቀረልኝ መተንፈሱ ብቻ ነው።

«ጭንቅላቷ ወጣ» አልኩ። «ትከሻዋ ቀረ።» እዚያ ላይ አቆምኩ።

«ከዚያስ?» የሚል ድምፅ መጣ። ሰሚራ አይደለችም፤ እሷ እንቅልፍ ወስዷታል። እማ ናት፤ ጨርቁን እንደያዘች ጋሪው አጠገብ ተቀምጣለች።

አየር ሳብኩና ለቀቅኩት።

«ነገ፣ ኮምቦልቻ፣ ፀሐይ ላይ እነግርሻለሁ» አልኳት። «እኛ እንደሆነ የሚጠፋብን ከብት የለንም።»