የሰርቨሩ ጣሪያና የሸዋርካብሽ አግዳሚ

መቱ ውስጥ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ ስሙን ጠርቼ ከማንም አልጣላም፣ ገዛኸኝ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ አለ። አርባን አልፎ ሳያገባ የቀረው ሴት ጠፍታ አይደለም። አንድ ነገር ከመናገሩ በፊት ደጋግሞ ይፈትሸዋል፤ ፈትሾ እስኪጨርስ ልጅቷ ሌላ ታገባለች።

መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሸዋርካብሽ ሸራ ወጥራ ሻይ ትሸጣለች። የጉራጌ ልጅ ናት፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ንግዷ የቆመው በሲስተሙ መንቀርፈፍ ላይ ነው። ባለጉዳዩ ጠዋት ይመጣል፣ ከመስኮቱ «ሲስተም የለም» ይባላል፣ ወረፋውን በድንጋይ ይይዝና አግዳሚዋ ላይ ይቀመጣል። ድንጋዮቹን ዝናብ ይደበድባቸዋል፤ ባለቤቶቻቸው ቦምቦሊኖ ይበላሉ። ገዛኸኝም በየቀኑ እዚያው ነው። ይወዳታል። ይህን የማያውቁት ድንጋዮቹ ብቻ ናቸው።

አምና ከአዲስ አበባ ለሰርቨሩ፣ የመሥሪያ ቤቱን መረጃ ሁሉ ለሚይዘው ኮምፒውተር፣ አዲስ ሜሞሪ መጣ። ኃላፊው ሪባን ቆርጠው «ከእንግዲህ ወረፋ ታሪክ ሆነ» አሉ፤ ተጨበጨበ። በማግስቱ ከመስኮቱ የተሰማው «ሲስተም የለም» ነው።

ገዛኸኝ ምክንያቱን ወዲያው አገኘው። የዳታቤዙ ፕሮግራሞች መረጃ የሚቀባበሉት ሁሉም በጋራ በሚጠቀሙበት የሜሞሪ ክፍል ነው። ያ ክፍል እስከ ምን ድረስ መስፋት እንደሚችል ጣሪያ የሚያበጅለት ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት ነው። ጣሪያው በድሮው ሜሞሪ ልክ እንደተጻፈ ቀርቷል። አዲሱ ሜሞሪ ገብቷል እንጂ ጣሪያውን የነካው የለም። ሸዋርካብሽ ሸራዋን ወደ ኋላ ያሰፋች ጊዜም እንዲሁ ሆኖ ነበር፤ ወደ ውስጥ ግቡ ያላቸው ስለሌለ ደንበኞቿ ከፊት ባለው አግዳሚ ላይ እንደተጣበቡ ሰነበቱ።

የቀረው የጣሪያውን ቁጥር ለውጦ ዳታቤዙን እንደገና ማስነሳት ነበር። ገዛኸኝ ግን አልለወጠም። ከለወጠ ሲስተሙ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ወረፋው ያልቃል፤ ወረፋው ሲያልቅ ሸዋርካብሽ አግዳሚዋን ይዛ ትሄዳለች። ለኃላፊው «እየፈተሽኩት ነው» አላቸው። ጠባዩን ስለሚያውቁ አመኑት።

ነገሩን ያስጨረሱት ኦቦ ደቅሲሳ ናቸው። ከዳሪሙ በእግራቸው የመጡ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ ለአንዲት ወረቀት ዘመድ ቤት እያደሩ በዝናብ ይመላለሳሉ። ጠዋት ጠዋት ገዛኸኝ አጠገብ ይቀመጡና «ሲስተሚን ዱፌ?» ይሉታል፣ መጣ ወይ ለማለት። «ገና ነው አባባ» ይላቸዋል። አንድ ቀን ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቁት።

«ልጄ፣ ይሄ ሲስተም የሚመጣው ከየት ነው? ሩቅ ከሆነ እኛው ሄደን እናምጣው።»

ገዛኸኝ የጀመረውን ሻይ አስቀመጠ። አፈረ፤ ከልቡ አፈረ።

ምሳ ሰዓት ላይ ዳታቤዙን ዘጋ። ለሌላው ሥራ የሚበቃውን አስቀርቶ የጋራውን ሜሞሪ ጣሪያ ከፍ አደረገ፣ ዳታቤዙም በዚያው ልክ እንዲጠቀም አዘዘና አስነሳው። ከሰዓት በኋላ ኦቦ ደቅሲሳ ወረቀታቸውን ይዘው ወጡ። እጃቸውን ዘርግተው መረቁት፤ ምርቃቱ መሃል ጥሩ ሚስት አለችበት። ገዛኸኝ ሸዋርካብሽን እያየ «አሜን» ልበል አልበል ብሎ ሲፈትሽ ሽማግሌው ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ድንጋይ የሚያስቀምጥ ሰው ጠፋ። ሸዋርካብሽ አግዳሚዋን ጋሪ ላይ ጭና ከመናኸሪያው ወዲያ ወዳለ ሌላ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ተዛወረች። እዚያ ገና ሲስተም የለም።

ገዛኸኝ ከሥራው ሹልክ እያለ ይከተላት ጀመር። ያለ ጉዳይ መቀመጥ ስላሳፈረው እሱም ድንጋይ ፈልጎ ወረፋው ጫፍ ላይ አኖረ። ተራው ሲደርስ ድንጋዩን ያነሳና መልሶ ከኋላ ያስቀምጠዋል። እንዲህ ሲያደርግ ከሰነበተ በኋላ አንድ ረፋድ የዚያ መሥሪያ ቤት ኃላፊ አወቁት።

«አቶ ገዛኸኝ! ያንን ሰርቨር ያፈጠኑት እርስዎ ነዎት አሉ። እኛም ሜሞሪ ጨምረን ምንም ለውጥ አላየንም። እስቲ ይዩልን።»

«የእናንተን ዓይነት አላውቀውም» አለ ገዛኸኝ። በሕይወቱ ሳይፈትሽ የተናገረው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ ውሸትም ነው።

ኃላፊው አዝነው ሲገቡ፣ ሁሉን የሰማችው ሸዋርካብሽ ወደ ወረፋው ሄደች። ከድንጋዮቹ መሃል የሱን ለይታ አነሳችና አምጥታ ከምድጃዋ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ጋሼ ገዛኸኝ፣ አሁን የዋሹት በኔ ምክንያት ነው?»

«አዎ።»

«የእናንተን መሥሪያ ቤት ሲስተምም ያን ያህል ያቆዩት በኔ ምክንያት ነው?»

«አዎ።»

«ለኔ ብለህ ኦቦ ደቅሲሳን ዝናብ አስመታህ» አለችው።

ገዛኸኝ አንገቱን ደፋ። ሻይ ቀዳችለት።

«ጠጣና ግባ፤ አስተካክልላቸው። አግዳሚውን ከዚህ ቀጥሎ የት እንደምናኖረው እሑድ እናቴ ዘንድ መጥተህ እንነጋገራለን።»

ገዛኸኝ ሻዩ ይፋጅ አይፋጅ ሳይፈትሽ ጨለጠውና ወደ ውስጥ ገባ።