ወሰንየለሽ ወደ ላይ ያየችበት ምሽት

ወሰንየለሽ የክርስትና ልጄ ናት። በስተርጅና ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷ ናት። ቤቷ ከቤቴ በላይ፣ ጓሳው ከሚጀምርበት ድንበር ላይ ነው። ጓሳ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆን የደጋ ሣር ነው፤ በእኛ አገር ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና ሕዝቡ ተስማምቶ ሲፈቅድ ብቻ ይታጨዳል። እሷ ከጠባቂዎቹ አንዷ ነበረች። ሣር የሚሰርቅ ሰው ከሩቅ እንድታይበት አቅራቢ መነጽር ሰጥተዋት ነበር።

አንድ የጥቅምት ምሽት ጨረቃ በግማሽ ሆና ጅብራ ከምንላቸው ረጃጅም የደጋ ተክሎች አናት በላይ ስትታይ መነጽሩን ወደዚያ አዞረችው። በማግስቱ ቤቴ መጣች።

«እማማ፣ ጨረቃ ፊቷ ሁሉ ፈንጣጣ ነው!» አለችኝ፤ ጨረቃ እንዳትሰማት የፈራች ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነባት። ጀርባዋን ለድንጋዩ ካብ ሰጥታ ክርኗን በጉልበቷ ላይ ታስደግፋለች፤ ካልተደገፈ እጅ ይንቀጠቀጥና ኮከቡ ይዘላል። ብርዱ ሲበረታ ትንፋሿ መስታወቱን ያደበዝዘዋል፤ በነጠላዋ ጫፍ ትወለውለዋለች። እኔንም አሳይታኛለች። ሰባት የምንላቸው ከዋክብት በመነጽሩ ሲታዩ እንደ ተዘራ ገብስ ናቸው። ከአንድ ደማቅ ኮከብ ጎን ደግሞ ትናንሽ ነጥቦች ተሰልፈው አየሁ። «ትናንት ከግራ የነበረው ዛሬ ወደ ቀኝ ዞሯል» እያለች በየቀኑ ወሬያቸውን ታመጣልኛለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም ነበርና እኔም ደስ አለኝ።

በኅዳር ወር፣ አንድ ቀን ጠዋት በገደሉ አፋፍ ያለው ጓሳ ታጭዶ ተገኘ። ሊከፈት የቀረው ጥቂት ጊዜ ነበርና ሕዝቡ ተቆጣ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ ተጠራ፤ ሰው ሁሉ ሜዳው ላይ ተሰብስቦ ያየ የሰማ እንዲናገር እየማለ ይጠየቅ ጀመር።

«ወሰንየለሽ፣ ሣሩ የታጨደ ዕለት ምሽት ተረኛዋ አንቺ ነበርሽ፤ ተተኪሽ ማንም አላየሁም ብሎ ምሏል» አሏት ሽማግሌው አቶ ኃይለመስቀል። «ከውጭ የገባ ሰው አይተሻል?»

«አላየሁም» አለች።

እውነቷን ነው፤ አላየችም። ሕዝቡ የሰማው ግን ሌላ ነው። ከውጭ ማንም ካልገባ ሌባው ከመካከላችን ነው፤ በገደሉ አፋፍ ያለው ቤት ደግሞ የጌታነሽ ብቻ ነው። ጌታነሽ ጎኗን የሚያማት፣ ምላሷ ስለታም የሆነ ባልቴት ናት።

«ጣሪያሽ ያፈስ የለም እንዴ?» አላት ፈንታ የተባለ የመንደሩ ሰው።

«ያፈሳል! ያንተም አፍ ያፈሳል፤ እስካሁን ማን ከደነልህ?» አለችው። ሰው ሳቀ። «እኔ እንኳን ጓሳ ላጭድ፣ የወደቀ ማጭድ ጎንበስ ብዬ ማንሣት አልችልም!»

ሳቁ አላዳናትም። ነገሩ ለሚቀጥለው እሑድ ተቀጠረ። እስከዚያ የሚመሰክርላት ካልተገኘ እሳትና ውኃ ልትከለከል ነው፤ ብትሞትም ቀባሪ አይወጣላትም። ሴቶቹ እሑድን አልጠበቁም፤ ከማግስቱ ጀምሮ ምንጭ ስትወርድ ፊታቸውን አዞሩባት።

ወሰንየለሽም ሌላ ሰው ሆነች። ጌታነሽ በሩቅ ስትመጣ መንገድ ትለውጣለች። እህል ሲቀርብላት «በልቻለሁ» ትላለች። ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ አንገቷን ደፍታ ቤቷ ትገባለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የበግ ጠጉር ስፈትል መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ጠጉሩን ትነጭ ጀመር።

«ልጄ፣ ያን ምሽት መነጽሩ ወዴት ነበር የዞረው?» አልኳት።

«ወደ ላይ። ፀሐይ ከገባች ጀምሮ ተተኪዬ እስኪመጣ ድረስ። የአንድ መንደር ሰው በሙሉ ቢያልፍ አላይም ነበር።»

«ታዲያ ንገሪያቸው።»

«ኮከብ ቆጣሪ ይሉኛል፣ እማማ። ጠንቋይ ይሉኛል። ከሥራዬም ያባርሩኛል።»

«ይሉሽ ይሆናል። ጌታነሽን ግን ከወዲሁ ሌባ ብለዋታል።»

ሳትሰናበተኝ ወጣች።

እሑድ ሜዳው ላይ ማንም ሳይጠይቃት ተነሣች። ነጠላዋን ጨብጣ ነበር።

«ማንም አልገባም አላልኩም፤ አላየሁም ነው ያልኩት» አለች። «ያላየሁት ደግሞ ወደ ምድር ስላልተመለከትኩ ነው። ኮከብ እያየሁ ነበር።»



«ምን ልታገኚበት?» አሉ አቶ ኃይለመስቀል። «የሰው ዕጣ ፈንታ ታወጪ ነበር? ለማን?»

«ለማንም አይደለም፣ አባቴ። ያምራል። ለዚያ ነው።»

«ማማሩን ማን ካደ? መነጽሩ የተሰጠሽ ግን ለዚህ አልነበረም» አሏት ሽማግሌው። መነጽሩን እንድትመልስ፣ ከጥበቃውም እንድትወርድ ተወሰነ። ጌታነሽ ነጻ ናት ተባለ። ሣሩን ያጨደው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ሴቶቹ ግን ነጻ ናት ስለተባለ ብቻ ፊታቸውን ወደ እሷ አልመለሱም። ወሰንየለሽ ይህን አየች፤ አንድ ጠዋት ከምንጩ አፍ ጌታነሽን ጠብቃ ጀሪካኑን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ።

«ተይው» አለቻት ጌታነሽ።

«እትዬ ጌታነሽ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ብያለሁ፤ ለንስሐ አባቴ ስል። ልቤ ግን ገና ነው፤ እሱን አታስቸኩዪብኝ።»

ሁለቱም ዳገቱን ጀመሩ። እኩሌታው ላይ ጌታነሽ ጎኗን ይዛ ቆመች፤ ትንፋሽ አጠራት። ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠችና ዞር ብላ ሳታይ መንገዷን ቀጠለች። ወሰንየለሽ አነሣችውና ትንሽ ራቅ ብላ ተከተለቻት።