ዲግሪ ያልያዘች ተመራቂ

ወታደሮች የያዙኝ ከትምህርት ቤት ወጥቼ መተማ ዮሐንስ ባጃጅ ተራው ጋ ስደርስ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ የተማሪዎቼ ስምና የወላጆቻቸው ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ነበር፤ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወደ ጎንደር የሚጓዙትን እየመዘገብኩ ነበር። አንዱ ወታደር ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየና «የምን ሰዎች ናቸው?» አለኝ። «ተማሪዎች ናቸው» አልኩት። «ይጣራል» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ወረቀቱ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ያስገቡን የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነው። ሰሊጡ ከተጫነ ሰንብቷል፤ ብናኙ ግን ግድግዳው ላይ ቀርቶ ላብ ሲያጠምቀን ገላችን ላይ ይለጠፋል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ረፋዱ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ወሬ ይቆማል፤ ሁሉም ሸሚዙን አውልቆ ሲሚንቶው ላይ ይዘረጋል። ውኃ በቀን ሁለት ጀሪካን ይገባል። የሚደርስህን ጠጥተህ ዝም ነው።

ከጎኔ የተኙት ሽማግሌ የሰሊጥ ገበሬ ናቸው። ጀለቢያቸው ነጭ እንደነበር የሚታወቀው ብብታቸው ሥር ብቻ ነው። እሳቸው የታሰሩት፣ የማይታወቁ ሰዎች እርሻቸው ላይ ውኃ ጠጥተው ሄደዋል ተብሎ ነው። ሦስት ቀን አላናገሩኝም። በአራተኛው ቀን መምህር መሆኔን ከሌላ እስረኛ ሰሙና ተጠጉኝ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ብጠይቅህ እውነቱን ትነግረኛለህ?»

«የማውቀው ከሆነ እነግርዎታለሁ፣ አባቴ።»

«ሰው ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምሮ፣ ሳይወድቅ፣ ሳይባረር፣ ዲግሪ ሳይሰጡት ይሰዱታል?»

ለወሬ ያህል እንዳልጠየቁኝ ከዓይናቸው ገባኝ። ከሥሩ ጀመርኩላቸው። መንግሥት ተማሪውን ይመድበዋል፣ ያበላዋል፣ ያሳድረዋል አልኳቸው። ነጻ ግን አይደለም። ገና ሲገባ ኮስት ሼሪንግ የሚባል ውል ይፈርማል፤ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይመልሳል። እስኪጨርስ ድረስ ጊዜያዊውን ወረቀት፣ ቴምፖራሪውን፣ ይዞ ይኖራል፤ ኦርጅናሉ እዚያው ዩኒቨርሲቲው ጋ ይቀመጣል።

«የእኔም እዚያው ነው» አልኳቸው።

«እሱን ተወው። ጊዜያዊውንም የሚከለክሉት ሰው አለ?»

«አሁን አለ። የመውጫ ፈተና መጥቷል። ተማሪው ትምህርቱን ሁሉ አልፎ ሲያበቃ አንድ ፈተና ኮምፒውተር ላይ ይፈተናል። ግማሹን ካላመጣ ዲግሪ አያገኝም።»

«የአራት ዓመቱስ?»

«የአራት ዓመቱ ውጤት አለ። ዲግሪው ግን የለም።»

«ጋዋን ለብሶ ፎቶ ይነሳል?»

«አንዳንድ ቦታ ያስለብሷቸዋል።»

«ልጄ ለብሳ ነበር» አሉ።

አንዲት ሴት ልጅ ናት ያለቻቸው። ሦስት ቀን በሚያስኬድ አገር ተመድባ አካውንቲንግ ተማረች። የተመረቀች ጊዜ ወይፈን አርደው ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ። ፎቶዋን በመስታወት አሠርተው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። በኋላ የገበሬዎቹ ማኅበር ሒሳብ የሚይዝ ሰው ሲፈልግ፣ ሊቀመንበሩ እሳቸው ግቢ ድረስ መጥቶ «የልጅቱን ማስረጃ አምጡ» አላቸው። ልጅቱ ማስረጃ አልነበራትም።

«በሰው ፊት አዋረድኳት» አሉ። «አራት ዓመት የት ስትዞሪ ነበር አልኳት። ‹ትምህርቱን ጨርሻለሁ አባዬ፤ አንድ ፈተና ነው የወደቅሁት፣ እንደገና ይሰጣል፣ ጎንደር ልሂድ› አለችኝ። የምትዋሽ መሰለኝ። ፎቶውን አውርጄ ሰበርኩት።»

በሳምንቱ ልጅቱ ወደ ድንበር ማዶዋ ገላባት ተሻገረች። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ የበረታበት ጊዜ ነው። ሕዝቡ ፍራሹን ተሸክሞ ወደ እኛ ሲጎርፍ እሷ ወደዚያ ሄደች። ሻይ ስትሸጥ ያያት አንድ ሾፌር ነበር፤ ከእሱ በኋላ ያያት የለም።

«እንግዲህ ንገረኝ። ዋሽታኛለች?»

መዋሸት እችል ነበር። «ሳትማር ቀርታ ይሆናል» ብላቸው፣ ቢያንስ በእሷ ተናደው ይቀመጡ ነበር። ግን እውነቱን ነው የጠየቁኝ።

«አልዋሸችም፣ አባቴ። የነገረችዎ ሁሉ ልክ ነው።»

አላለቀሱም። ሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ የገባች አንዲት ሰሊጥ በጥፍራቸው ለማውጣት ብዙ ታገሉ። በመጨረሻ «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ማንን እጠይቅ ነበር?» አሉኝ።

ከቤታቸው እኔ እስከማስተምርበት ትምህርት ቤት በባጃጅ ግማሽ ሰዓት ነው። በየዓመቱ ወላጅ ሰብስበን «ልጆቻችሁን አስተምሩ» እንላለን። ዩኒቨርሲቲ ከገቡ በኋላ ስለሚገጥማቸው ነገር ለአንድም ወላጅ ነግሬ አላውቅም። የዚያን ቀን ሽማግሌው እህል አልቀመሱም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ መርማሪ መዝገብ ይዞ ገባ። ሁላችንም ቁጢጥ እንድንል ታዘዝን፤ እየዞረ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ቤተሰብ ይመዘግባል። እሳቸው ጋ ሲደርስ ግድግዳውን ይዘው ተነሡና ቆሙ።

«ቁጭ ይበሉ እንጂ። ልጅ አለዎት?»

«አንዲት ሴት።»

«ምን ትሠራለች?»

«ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች።»

«ዲግሪ አላት?»

«አልያዘችም። ትምህርቱን ግን ጨርሳለች። ጨርሳለች ብለህ ጻፍ።»

«አሁን የት ናት?»

«አላውቅም። ያባረርኳት እኔ ነኝ።»

መርማሪው ቀና ብሎ አያቸው። አርባ የምንሆን እስረኞች ቁጢጥ ብለን እንመለከታለን። እሳቸው እስክሪብቶው ጽፎ እስኪያበቃ አልተቀመጡም።

በዚያው ሳምንት ከሌሎች ጋር አይሱዙ ላይ ጭነው ወሰዷቸው። ወዴት እንደሆነ የነገረን የለም። እኔን ከሁለት ወር በኋላ ፍርድ ቤት ሳልቀርብ «ሂድ» አሉኝ።

ዛሬም እዚያው ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የወላጆች ስብሰባ ሲኖር ስለ ውሉም፣ ስለ መውጫ ፈተናውም እናገራለሁ። በጨዋነት ይሰሙኛል። አምና ከክፍሌ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ያመጣ ተማሪ ስላልነበረ፣ የምናገረው ለማን እንደሆነ አንዳንዴ ግራ ይገባኛል።

ከተፈታሁ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጉምሩኩ ጋ ሄጄ ነበር። ከገላባት የሚመለሱ ሻይ ሻጭ ሴቶች አሉ። «አባትሽ ቆመው ‹ጨርሳለች› አሉ» ብዬ ለሽማግሌው ልጅ ልነግራት ነበር። አንዷን ሴት አስቆምኳትና አፌን ልከፍት ስል የልጅቱን ስም አለማወቄ ትዝ አለኝ። እሳቸው «ልጄ» ነው የሚሉት፤ መርማሪውም ስሟን አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ሴትዮዋ «ማንን ፈልገህ ነው?» አለች።

«ማንንም» አልኳትና ተመለስኩ።