የመስኮት ተራ በበርበሬው መጋዘን

ሊይዙኝ የመጡት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ነበሩ። ነሐሴ ነው፤ በቆሎው እሸት ደርሷል። አንደኛው ጠመንጃውን እንዳነገተ ቀጥ ብሎ የሙከራው ማሳ መሃል ገባና አንድ እሸት ቆርጦ ጥሬውን ይግጥ ጀመር። እኔም ሞኙ የራሴን ነገር ትቼ በእሱ በገንኩ።

«ወንድሜ፣ የምትበላ ከሆነ ከዳር ያለውን ብላ። የመሃሉ ይመዘናል» አልኩት።

እያኘከ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አሁን የምትመዘነው አንተ ነህ» አለኝ። ጓደኛው ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈገግ ብያለሁ፤ የት እንደሚወስዱኝ አላወቅኩማ።

ሥራዬ የሰብል ዝርያ ማወዳደር ነበር። ከየቦታው የመጡ የበቆሎ ዝርያዎችን አንድ ማሳ ላይ እንዘራለን፤ የትኛው ብዙ እንደሚያፈራ፣ የትኛውን ነፋስ እንደማይጥለው፣ የትኛው ዝናቡ ሳያልቅ እንደሚደርስ እናያለን። የዚያን ዓመት ሙከራ የተዘራው ከአዋሳ ወጣ ብሎ በሚኖሩ አንድ የሲዳማ ሽማግሌ መሬት ላይ ነበር። ከመያዜ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ የአካባቢውን ገበሬዎች ጠርቼ ማሳውን አሳየኋቸውና «የወደዳችሁትን ዝርያ እጅ እያወጣችሁ ንገሩኝ» አልኩ። ከበላይ አካል «የሚሻለው ይህ ነው» ተብሎ አስቀድሞ የተነገረለት አንድ ዝርያ ነበር። ለእሱ እጁን የሚያወጣ ጠፋ። ሽማግሌው ለሌላው ቀድመው እጃቸውን አወጡ፤ ሰዉም ተከተላቸው። ወንጀላችን ይኸው ነው። መርማሪው «ያለ ፈቃድ ሕዝብ ሰብስበህ ምርጫ አካሂደሃል» ሲለኝ የቀለደ መስሎኝ ነበር። ወፌ ላላ ሲሰቅሉኝ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ።

ሽማግሌውን ያመጧቸው ከእኔ ጋር በአንድ ቀን ነው። ያስገቡንም ከአዋሳ ፒያሳ ጀርባ፣ ከባለቤቱ የተወረሰ የበርበሬ መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት የተቀበለን ሳል ነበር። በርበሬው ተጭኖ ከሄደ ቆይቷል፤ ብናኙ ግን በሲሚንቶው ስንጥቅና በግድግዳው ውስጥ ቀርቷል፤ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይነሳል። ዓይኑን በእጁ ያሸ ሰው ሲያለቅስ ይውላል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከሐይቁ የሚመጡት አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ላዩ ላይ እየተራመዱ በጥፍራቸው ሲቧጥጡት ጥርስ ያፋጫል። መስኮት የሚባለው በአንደኛው ጫፍ ከፍ ብሎ ያለ፣ የወንፊት ያህል ቀዳዳ ነው። ከሥሩ የተቀመጠ ሰው ንጹሕ አየር ያገኛል። የቀረው ጎረቤቱ የተፋውን ትንፋሽ ይስባል።

ሽማግሌው አስም ነበራቸው። ገና በሩን እንዳለፉ ደረታቸው ማፏጨት ጀመረ።

ክፍሉ ውስጥ በቦታ የተነሳ ጠብ የማይነሳበት ቀን አልነበረም። ጉልበት ያለውና ቀድሞ የገባው መስኮቱን ይዟል፤ አዲስ ገቢ ወይ ከሽንቱ ባሊ አጠገብ፣ ወይ በርበሬው ተከምሮበት በነበረው ጥግ ይወድቃል። ቀን ከሌት እዚያው ነው፤ ተነስቶ የሚንጎራደድበት ስፍራ የለም። እኛ በገባን ሰሞን አንድ ሰው በዚሁ ጠብ ጥርሱ ወለቀ። የክፍሉ ካቦ ወፍራምና ቁጡ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ እሱም ከመስኮቱ ባለርስቶች አንዱ ነው። ደም ሲያይ ግን ደነገጠ።

«ወላሂ፣ መላ ካላበጀን እርስ በርሳችን ተጋድለን እነሱን እናሳርፋቸዋለን» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ፣ የእርሻ ሰው! መሬት መደልደል ሥራህ አይደል? በል ደልድለን።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ማለት ይኸው ነው። በቆሎ የሚያውቅ ሰው ስለ እስረኛ ምን ያውቃል? ግን የማውቀው እሱን ብቻ ስለነበር እሱኑ ነገርኳቸው። ማሳ ሁሉ እኩል አይደለም አልኳቸው። አንዱ ዳር ውሃ ይተኛበታል፣ አንዱ ድንጋይ ነው፣ ሌላው ምስጥ አለበት። ሰው የሚወደውን ዝርያ ለሙ መሬት ላይ ብቻ ከዘራ ያሸነፈው ዝርያው ይሁን መሬቱ አያውቅም፤ የሚያታልለው ራሱን ነው። ስለዚህ ዕጣ እንጥላለን። ሁሉም ዝርያ በለሙም በጭንጫውም ይዘራል። ማንም አይመርጥም፤ እኔም አልመርጥም።

ሽማግሌው ከጥጉ ሆነው «እሺ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በመሬታቸው ላይ ስንዘራ በዚህ ነገር «የምትወደውን ለምን ድንጋይ ላይ ትጥላለህ?» ብለው ተከራክረውኝ ነበር። ሳስረዳቸው አዳመጡኝና «ይህ ሀላሌ ነው» አሉኝ። ሀላሌ በእነሱ ዘንድ እውነት ማለት ነው፤ ሰው ለዘመዱም ለባዳውም እኩል የሚፈርድበት እውነት።

በቡድን ተከፋፈልን። ከጋቢ ጫፍ ክር መዘን ዕጣ ጣልን። ጠዋት ባሊው ተደፍቶ ሲመለስ እያንዳንዱ ቡድን ወደሚቀጥለው ቦታ ይዛወራል፤ መስኮቱ፣ ጥጉ፣ ባሊው፣ በሩ፣ መሃሉ፣ ከዚያ እንደገና መስኮቱ። ከመስኮቱ ቀጥሎ የበርበሬው ጥግ እንዲሆን ያደረገው ዕጣው ነው። ሽማግሌውና እኔ አንድ ቡድን ውስጥ ገባን።

ጠቡ ቆመ። ካቦው ራሱ ባሊው አጠገብ አፍንጫውን በነጠላ አፍኖ ሲቀመጥ ያየ ሰው ተራ ለመዝለል አፍ አልነበረውም። እኔም፣ አልዋሽም፣ ትንሽ ኮራሁ። በዚያ ጉድ ውስጥ የሰው ልጅ የሚጠቀምበት አንድ ነገር ከእኔ ወጣ ብዬ።

ተራው ግን ለሽማግሌው ደረት አይራራም። መስኮቱ ሥር በዋልንበት ቀን ከንፈራቸው ቀለሙ ይመለሳል፤ ስለ እንሰታቸው ያወራሉ፣ ካቦውን «አንተ ወፍራም፣ የእኔን አየር ሁሉ በላኸው» እያሉ ያሾፉበታል። ጥጉ ስንገባ ደረታቸው እንደ አሮጌ ወናፍ ይሆናል። በእያንዳንዱ ዙር የሚተርፋቸው ጉልበት እየቀነሰ ሄደ። ሐኪም እንዲያዩ ጠባቂውን ለመንን። «ሐኪም የሚያየው የታመመ ነው። እሱ ያረጀ ነው» ብሎን በሩን ዘጋ።

ሌላ የምንይዘው ነገር አልነበረንም። መድኃኒት የለ፣ ዘመድ አይገባ፣ የምንማጸነው ሰው የለ። በእጃችን ያለችው ያቺ ቀዳዳ ብቻ ናት። እንደገና መስኮቱ ሥር የዋልን ዕለት ካቦውን ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ «እዚሁ ይቅሩ። ከተራው እናውጣቸው፤ አለዚያ ይሞታሉ» አልኩት። እሱም ክፍሉን ጠየቀ። የተቃወመ የለም። በማግስቱ መስኮቱን የሚረከበው ቡድን ውስጥ አንድ መምህር ነበር፤ ውስጥ እግሩን ተገርፎ ቁስሉ ያመረቀዘ፣ ትኩሳት የያዘው። «የእኔን ቦታ ይውሰዱ፤ እኔ ወጣት ነኝ» አለ። ተቆረጠ። ያን ቀን እፎይ አልኩ።

ጠዋት ባሊው ተመለሰ። ሰዉ ተነስቶ እየተገፋፋ ቦታ ሲለዋወጥ ሽማግሌውን «አባባ፣ እርስዎ ይቆዩ» አልኳቸው።

ዙሪያቸውን አዩ። «አፊኒ?» አሉ።

ይህ ሲዳማ በሸንጎ ከመናገሩ በፊት የሚጠይቀው ነው፤ ሰምታችኋል ወይ እንደማለት። እሳቸው አንድ ነገር ሊሉ ሲሉ ሁሌም ይጠይቁ ስለነበር ሁላችንም ለምደነዋል።

«ሰምተናል፣ አባባ» አለ ክፍሉ።

«ይህ መምህር እግሩ ሸቷል። አየር ይፈልጋል። ተራው የእሱ ነው።» ትንፋሽ አጠራቸው፤ ጠበቅናቸው። «ዛሬ ለእኔ ትተዋላችሁ። ነገ ጠንካራው ይመጣል፣ እኔም አሞኛል ይላል። ከዚያ ደግሞ ጥርስ ይወልቃል። እኔ በአገሬ ዳኛ ነኝ። ለራሴ አልፈርድም።»

«የፈረድነው እኛ ነን እንጂ እርስዎ አይደሉም» አለ መምህሩ።

«እናንተ ስለምትወዱኝ ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንተ ንገራቸው። የምትወደውን መርጠህ ትዘራለህ?»

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «አባባ፣ እሱ በቆሎ ነው! እርስዎ በቆሎ አይደሉም!» ብዬ ጮህኩ። እዚያ ቤት ውስጥ ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ያኔ ብቻ ነው።

ፈገግ አሉ። «በቆሎ ሲዘሩት ዝም ይላል። እኔ ግን በአፌ እሺ ብያለሁ» አሉኝ። ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱና፣ እጄን ሳይዙ፣ በሰው ጉልበት መሃል እየተራመዱ ወደ ጥጉ ሄዱ።

ያን ቀን ከዝናቡ በፊት ፀሐይ በረታች። ቆርቆሮው ጋለ፤ በርበሬው ከወለሉ ተነሳ። ጀርባቸውን ደረቴ ላይ አስደግፌ ቀጥ አድርጌ ይዣቸዋለሁ። እያንዳንዱን ትንፋሽ ከሩቅ ነበር የሚያመጡት። በሩን ደበደብን፤ ከውጭ ስድብ ብቻ መጣ። ከዚያ ካቦው እጁን አነሳና ሁሉም ባለበት እንዲረጋ ምልክት ሰጠ። ብናኙ እንዳይነሳ ክፍሉ በሙሉ ተገተረ። የደነዘዘ እግሩን የዘረጋ የለም። ሳል የመጣበት ጋቢውን አፉ ውስጥ ወትፎ ዋጠው። ለአንድ ሰው ደረት ሲባል ያ ሁሉ ሰው መንቀሳቀስ አቆመ።

ዝናቡ ሲወርድ አየሩ ቀዘቀዘ። እሳቸው ግን አልጠበቁትም። ክብደታቸው ደረቴ ላይ ሲለወጥ አወቅኩ፤ ቢሆንም ወዲያው አልተናገርኩም። ትንሽ ልያዛቸው ብዬ ነው።

በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወሰዷቸው። የት እንደቀበሯቸው የነገረን የለም።

በማግስቱ ካቦው «ተነሱ፣ ተራ ነው» አለ። ጠላሁት። ተነሳን። ቡድናችን ባሊውን፣ በሩን፣ መሃሉን ዞረ። ከአጠገቤ የነበረው ስፍራቸው በየቦታው ወዲያው ይሞላ ነበር፤ ሰው በጎኑ በሚተኛበት ቤት ጭብጥ የምታህል ቦታ አትተርፍም። እንደገና መስኮቱ ሥር የደረስን ጠዋት ግን፣ ከጎኔ ያለው ሰው እግሩን ወደ እሳቸው ስፍራ ሊዘረጋ ሲል ካቦው ከወዲያ ማዶ «ተው፣ ያ ቦታ ተይዟል» አለው። ሰውየው እግሩን ሰበሰበ። ማንም ማንንም አላማከረም። አየር የጠማው ሰው በሞላበት ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር፣ አንድ ቀጭን ሽማግሌ የሚያህል ባዶ ሲሚንቶ ቀረ።

ጠባቂው ሊቆጥረን ገባ። ዓይኑ ያ ባዶ ቦታ ላይ አረፈ።

«ይኼ ለምንድነው ባዶ የሆነው?»

«ሰው አለበት» አለ ካቦው።

«የታለ?»

 ጠባቂው ፊታችንን አንድ በአንድ አየ፤ ሁላችንም የምናየው ወለሉን ነው። ለዚያች መልስ ካቦውን ከሰዓት በኋላ ጠሩት። ሲመልሱት ሁለት ሰው ተሸክሞት ነበር። ወደ ባሊው ጎን፣ ወደ ተራው አስተኛነው። ቦታው እስከሚቀጥለው ጠዋት ባዶ እንደሆነ ዋለ፣ አደረ።

ስፈታ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሽማግሌው ቤት ነው። ባለቤታቸው ደጃፍ ላይ የእንሰት ቅጠል ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። መሞታቸውን ሰምተዋል፤ እንዴት እንደሆነ ግን የነገራቸው የለም። አየር የማይደርስበት ጥግ ውስጥ እንደነበር ነገርኳቸው። ለማሳመር አልሞከርኩም።

«እዚያ የገባው በማን ተራ ነው?» አሉኝ። «የሰው ተራ ነው ወይስ የራሱ?»

«የራሳቸው ነው፣ እማማ። እምቢ ብንላቸው አልሰማ አሉን።»

 በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና «እንግዲያ እሱ ነው» አሉ። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም።

ለእሳቸው በቂ ሆነ መሰለኝ። ለእኔ ግን አልሆነም። ወደ ሥራዬ ተመልሼ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዝርያ ሳወዳድር ኖሬያለሁ፤ ለማንም ሳላዳላ ዕጣ ጥዬ ዘርቻለሁ፤ በዚያ አልጸጸትም። ስለ ሽማግሌው ክብርም ሰው ሲጠይቀኝ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ሌላ ነው። ብቻዬን ስሆን፣ ያን ጠዋት ደንቡን አፍርሰው መስኮቱ ሥር ቁጭ ባሉልኝ እላለሁ። ይህን ቢሰሙ ይቆጡኝ ነበር። ምነው ኖረው በተቆጡኝ።