ቀዳሽ ያጣን ለት

ባለፈው እሑድ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ጓዳዬ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍሁ ራዲዮ ስሰማ፣ አንድ ትልቅ አገር ሰው አነሰኝ ብሎ ተጨንቋል ሲሉ ሰማሁ። ወጣቱ ከተማ ገብቶ መውለዱንም ትቶታል፤ ገጠሩ የሽማግሌ ብቻ ሆኗል፤ ተማሪ ጠፍቶ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ልጆቼ ሳቁ። «ሰው ደግሞ ያልቃል እንዴ? እኛ ባጃጅ ለመሳፈር እየተጋፋን!» አለች ትንሿ። ያልቃል እንጂ! በእኛ ቀዬ ሰው ያለቀ ለት የሮጥሁት እኔ ነኝ።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ ነው፤ ቡሬ ዘጠነኛ ክፍል እማራለሁ። ቀያችን ከቡሬ ሽቅብ ነው፤ በቆሎውም በርበሬውም የሚሰምርበት አገር። መሬቱ ግን ለአባት በቅቶ ለልጅ አልደርስ አለ። ጎረምሳው ዓባይን እየተሻገረ ወለጋ ገባ፣ ገሚሱ መተማ ወረደ፣ ፊደል የቆጠረው ባሕር ዳር። ደግሞ ማንም ደህና ሁኑ ብሎ አይሄድም፤ «ለበዓል እመጣለሁ» ብሎ ነው። ጉድለቱም ቶሎ አይታወቅም። እኛ ያወቅነው የማኅበር ጠላ መትረፍ ሲጀምር ነው። ድሮ ጠላ ተርፎ ያውቃል?

ታላቅ ወንድሜም ወለጋ ነበር። ሚስቱ ጥሩነሽ እኛው ቤት ሆና ወንድ ልጅ ወለደች። በዚያ ዓመት በጎጣችን የተወለደ እሱ ብቻ ስለነበር አላፊ አግዳሚው «ልጃችን እንዴት አደረ?» እያለ ነበር የሚያልፈው። ክርስትና የሚነሣበት አርባኛ ቀኑ ከመጋቢት አቦ ጋር ገጠመ፤ አቦ ደግሞ የደብራችን ታቦት ናቸው። ደስታችንን አትጠይቁኝ! ዳቦው ተጋገረ፣ ተልባው ተወቀጠ፣ እኔም ከትምህርት ቀርቼ ለዚሁ መጣሁ።

በበዓሉ ጧት የደብሩ ቄሰ ገበዝ የነበሩት አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ፊታቸው አመድ መስሎ ተመለሱ። ቅዳሴ ያለ ሁለት ቄስና ያለ ሦስት ዲያቆን አይቀደስም። ቄሶቹ ነበሩ፤ ዲያቆን ግን ሁለት ብቻ ተገኘ። ሦስተኛው፣ አንተነህ የሚባለው፣ ሥራ ፍለጋ ቡሬ ወርዶ ለበዓሉ እመጣለሁ እንዳለ ቀርቷል። የጎረቤት ደብሮችም የራሳቸውን አቦ ያከብራሉ፤ ማን ያውሰን? ቅዳሴ ከሌለ ሕፃኑ አይቆርብም፤ ሳይቆርብ ደግሞ ምን ክርስትና አለ!

«ጥሩዬ፣ ልጁን ቡሬ ይዘሽው ውረጂ» አሉ አባቴ ቀስ ብለው።

አማቷን ቀና ብላ የማታየው ጥሩነሽ ያን ዕለት ቀና አለች። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አልወርድም። ሁሉ እየወጣ ሄደ። አባቱም ሄደ። ይኸ ልጅ እንኳ ባገሩ ውሃ ይጠመቅ!»

አባቴ መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ በሩ ዞሩ። እኔ ግን ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርሁና «ዲያቆን አመጣለሁ!» አልሁ። ወንድ ልጅ ቢኖር ማን እኔን ይልክ ነበር? በሑዳዴ የሥራ ቀን ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነውና ጊዜ አለ።

«ልጄ፣ እህል የቀመሰ እንዳታመጪ!» ሲሉ ድምፃቸው ከኋላዬ ደረሰኝ። እህል ውሃ የቀመሰ አይቀድስማ።

እንዴት እንደሮጥሁ! የመጋቢት ፀሐይ፣ የደረቀው ማሳ፣ ዱቄት የሆነው አቧራ! እውነቱን ልናገር፣ ጭንቀቱ እንዳለ ሆኖ ልቤ በደስታ ይዘል ነበር። የአገር ጉዳይ በእኔ እግር ተንጠልጥሎ አያውቅማ።

ቡሬ እንደደረስሁ በቀጥታ ይበልጣል ቤት ገባሁ፤ ይበልጣል የእኛው አገር ዲያቆን ነው፣ ከእኔ ከፍ ያለ ተማሪ። በሩን ስከፍት ጉንጩ ሙሉ የሽምብራ ቆሎ!

«በላህ?»

ዋጠና «ፈተና ነበረብኝ» አለ። ነገሩን ስነግረው ራሱን ያዘ። «ኸረ ጉድ! አንተነህ አለ ብዬኮ ነው!»

ለመቆጣትም ጊዜ የለኝ። አንተነህን ባገኝ ብዬ ወደ መናኸሪያ በረርሁ። የገበያ ቀን ነው፤ የበርበሬ ጆንያ፣ አህያ፣ ሰው በሰው። ከዚያ መሀል «ፍኖተ ሰላም! አንድ ሰው! ፍኖተ ሰላም!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቅዳሴ ላይ የማውቀው ድምፅ! አንተነህ የሚኒባስ ረዳት ሆኖ በር ላይ ተንጠልጥሏል።

«አንተነህ! በልተሃል?»

«ሰላምታው የት ሄደ?» ብሎ ሳቀ። «ጾም አይደል እንዴ፤ ውሃም አልቀመስሁ።»

እልል አልሁ፤ ገበያው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ስነግረው እሱም ክው አለ። «ይበልጣል ይቀድሳል ብዬኮ ነው የቀረሁት!» አለና ሾፌሩን በፍርሃት አየ። ሾፌሩ ጎልማሳ የአገው ሰው ናቸው፤ ሁሉን ሰምተዋል።

«የማን ታቦት ነው?»

«የአቦ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው መኪናዋም ትሳለም» አሉና ሞተር አስነሡ።

አንዲት ነጋዴ «እኔን የት ልትወስዱኝ ነው? በርበሬዬ ገዢ ይጠብቀዋል!» ብላ ጮኸች። የሕፃኑን አርባ ስነግራት ግን ጆንያዋን ወደ ጥግ ገፋ አድርጋ «ታዲያ ምን ትቆማላችሁ? ንዱ እንጂ!» ብላ ሾፌሩን ተቆጣች። ያ ሚኒባስ በጋሪ መንገድ ላይ እየዘለለ ሲወጣ ውስጡ ሠርግ ሆነ።

አባቴ ከደጀ ሰላሙ ቆመዋል። የወረደውን ሰው ሁሉ ሲያዩ መስቀላቸውን እንደያዙ ፈጠን ብለው ወደ እኛ መጡ። «ቀምሷል?» ብቻ አሉ።

«አልቀመሰም!» አልን ሁላችንም፣ ተሳፋሪው ጭምር።

ክርስትና አባት ይሆናል የተባለው የሕፃኑ አጎትም ወለጋ ነበርና ሾፌሩ «እኔ አነሣዋለሁ» ብለው ሕፃኑን ታቀፉ። ውሃው ሲነካው የጮኸው ጩኸት! ጥሩነሽ እየሳቀች አለቀሰች። ከቅዳሴው በኋላ ዳቦው ለሁሉ አልበቃ አለ፤ የዚያን ዕለት ጠላ አልተረፈም።

እስከ ዛሬ የሚገርመኝ የይበልጣልና የአንተነህ ነገር ነው። አንዳቸውም ደብሩን አልካዱም፤ እያንዳንዳቸው ሌላው አለ ብለው ነው የሄዱት። እኔስ? አግብቼ ፍኖተ ሰላም ስቀር ሌላ ሰው አለ ብዬ አይደል! ያ ትልቅ አገርም የጎደለው እንዲሁ ይመስለኛል፤ አንዱ ባንዱ እየተማመነ።

ትናንት ያ ሕፃን ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ሚስቱ ወንድ ወለደች። ክርስትናውን አገሬ አቦ ላድርገው ብሎ ይለምነኛል።

«ግን አክስቴ፣ ቀዳሽ ይኖር ይሆን?»

ጉልበቴ እንኳን ለሩጫ ለደረጃም አይሆን። ቢሆንም ተነሥቼ ቆምሁ።

«አንተ ልጁን ይዘህ ና እንጂ፣ ቀዳሹን እኔ ከመናኸሪያ አመጣዋለሁ!» አልሁት።