ጆንያ የለመደች ድመት

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደሆነ ገና እርግጠኛ አይደለሁም። ብዕሬን ካነሣሁ በኋላ ሁለት ጊዜ መልሼ አስቀምጫለሁ። የክፍል ጓደኞቼ ስለ ቀያቸው ሲጽፉ ስለ ድርቅ፣ ስለ ዘመቻ፣ ስለ ሞት ይጽፋሉ፤ እኔ ከመተማ ቆላ ይዤው የመጣሁት ግን የአንዲት ድመት ጥፍር ነው። ቢሆንም ስለዚያ ቤት ባሰብሁ ቁጥር ቀድማ የምትመጣብኝ እሷ ስለሆነች፣ የሆነውን እንደሆነው ለመጻፍ እሞክራለሁ። አንባቢ ከሰለቸው ጥፋቱ የእኔ እንጂ የድመቷ አይደለም።

አባቴ መምህር ነበር። ከጎንደር ወደ ገንዳ ውሃ ሲዛወር እኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። በጭነት መኪና ከወሰድነው ዕቃ ሁሉ እናቴ የምትሳሳው ለጠፍር አልጋዋ ነበር። የሠርጓ አልጋ ነው፤ እንጨቱ ዋንዛ፣ ጠፍሩ ደግሞ አባቷ ካረዱት በሬ ቆዳ የተተለተለ። ጎረቤቶቻችን በሙቀቱ ምክንያት የገመድ አልጋ ደጅ አውጥተው ይተኛሉ። እናቴ ግን አልጋዋን ፀሐይ እንዳያደርቅባት ከቤት አታወጣውም ነበር፤ እኛም ከነሙቀቱ ውስጥ እንተኛለን።

የተከራየነው ሁለት ክፍል ነው። ሦስተኛዋን ክፍል የቤቱ ባለቤት፣ እኔ እማማ የምላቸው በዕድሜ የገፉ ሴት፣ የሰሊጥ ማስቀመጫ አድርገዋታል። ሰሊጥ ባለበት አይጥ ይበዛል፤ አይጥ ሲበዛ ደግሞ እባብ ይመጣል። ስለዚህ በገባን በሳምንቱ አንዲት ግራጫ ግልገል ድመት አምጥተው እቅፌ ውስጥ አስቀመጡልኝ።

«ቀን አንች ጋ ትዋል። ሲመሽ ሰሊጤን ትጠብቅልኝ» አሉኝ። የማስቀመጫው በር ከሥሩ ለድመት ማለፊያ ተብሎ ተቆርጦ ነበር።

ድመቷ አደገች፣ አይጥም ያዘች። ችግሩ የመጣው ከጥፍሯ ነው። ከቀን እንቅልፏ ስትነቃ በኋላ እግሮቿ ቆማ፣ ወገቧን ለጥጣ፣ የአልጋውን የግርጌ ጠፍር ትቧጭራለች። ብንጮህባት ታቆምና ዞር ስንል ትመለሳለች። እናቴ ጠፍሩን ቅባት ቀባችው፤ ድመቷ ላሰችው። በርበሬ ቀባችው፤ ያነጠሰው እኛን ነው። አንድ ቀን አባቴ ከትምህርት ቤት ገብቶ ጫማውን ሊያወልቅ ግርጌው ላይ ቁጭ ሲል ጠፍሩ ጧ ብሎ ተበጠሰና እስከ ወገቡ ሰመጠ። ጉልበቱ ከአገጩ ጋር ተገናኝቶ እናቴን አያት።

«ሳቂ እንጂ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት።

እናቴ አልሳቀችም። የተበጠሰውን ጫፍ አንሥታ በመዳፏ ላይ አስተኛችው፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። ከቁጣ ይልቅ ይህ አባቴን የከበደው ይመስለኛል።

«ስሚ» አለኝ ረጋ ብሎ። «አንድ የሰሊጥ መኪና ሾፌር ለአብደራፊ መጋዘን ድመት ፈልግልኝ ብሎኛል። ይች ድመት አንድ ጥፋት ከደገመች ከእሱ ጋር ትሄዳለች።»

እኔ ወንድምም እኅትም አልነበረኝም። በዚያ ከተማ ገና ጓደኛ አላበጀሁም። ድመቷ በጆንያ ታስራ በሰሊጥ ጭነት ላይ ስትሄድ ታየችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ እሷን ማስቀረት ሆነ።

መጀመሪያ ጥፍሯን ለመቁረጥ ወሰንሁ። በነጠላ ጠቅልዬ በእናቴ ጥፍር መቁረጫ ጀመርሁ፤ ሦስተኛውን በጣም አስጠግቼ ብቆርጠው ደማ። ለቅሶዋን የሰሙት እማማ መጥተው እግሯን በፀሐይ አንጻር አነሡልኝ።

«ይኸውልሽ፣ ውስጡ ቀይ ሥር አለ። እዚያ አትድረሽ። ጫፉን ብቻ፣ ነጩን። ደግሞ ሙልጭ አታድርጊያት፤ እባብ ሲመጣባት በምን ትውጣ?»

ጫፍ ጫፉን ብቻ መቁረጥ ለመድሁ። ጠፍሩ የሚጎዳው ቀነሰ እንጂ መቧጨሩ አልቀረም። እንግዲያው ሌላ የምትቧጭረው ነገር ያስፈልጋታል ብዬ ከግቢ አንድ አጭር እንጨት አመጣሁና አሮጌ ጆንያ ጠቀለልሁበት። በሳምንት ውስጥ ድመቷ አልጋውን ረስታ ጆንያው ላይ ተጣበቀች። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የድመቷን ራስ ዳበሰች። አባቴ ይህን ብልሃቴን ለባልደረቦቹ ሲያወራ ሰምቼ በጣም ደስ አለኝ።

በጥምቀት ዕለት ታቦት ሸኝተን ከሰዓት በኋላ ስንመለስ እማማ የማስቀመጫውን በር ከፍተው ቆመዋል። ወለሉ በሰሊጥ ተሸፍኗል። ሰሊጥ በትንሽ ቀዳዳ እንደ ውሃ ነው የሚወርደው፤ ከታችኛው ረድፍ አራት ጆንያ ጎኑ ተቀዶ እየፈሰሰ ነበር። ድመቷ አምስተኛው ሥር ቆማ በሁለት እጇ ትቧጭራለች። እኔን ስታይ ጭራዋን አቆመች፤ እንደማመሰግናት ነው የጠበቀችው።

እማማ አልጮሁም። «መምህር» አሉት አባቴን፣ «ይችን ድመት የሰጠኋችሁ ለዚሁ ሰሊጥ ነበር።»

አባቴ አንገቱን ደፋ። «ቅዳሜ መኪናው ይመጣል፣ እሜቴ። ትሄዳለች» አላቸው።

በእማማ ግቢ ለጥጥ ለቀማ የመጣ አንድ የጎጃም ሰው ያድር ነበር። በመሠረተ ትምህርት የአባቴ ተማሪ ነው። ሰሊጡን ስንለቅም አብሮን ተንበርክኮ ያበጥራል፣ የተቀደደውን ይሰፋል። እንባዬን ደብቄ ሳበጥር አየኝ።

«መምህር እኔን ፊደል ሲያስቆጥሩኝ ይኸው ሁለት ወር ሞላቸው» አለ። «አንች ድመቷን በሳምንት አስተምረሽ ጨረስሽ።»

«ምን አስተማርኋት?»

«ጆንያ መቅደድ ነዋ። ያንን እንጨት በምን ጠቀለልሽው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። በዚያ ከተማ የሰው ሁሉ ሀብት በጆንያ ነው የሚቀመጠው፤ እኔ ደግሞ ከነገር ሁሉ መርጬ ይህን ቧጭሪ ብያታለሁ። አፍሬ ሰሊጡ ላይ አቀረቀርሁ።

«እሷ ለክፋት አይደለም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የጥፍሯ አሮጌ ቅርፊት ካልወለቀላት ያሳክካታል። ደግሞ መንጠራራት ትፈልጋለች። ያንች እንጨት አጭር ነው፣ ይወዛወዛልም። ተንጠራርታ ስትቆም ስንት ክንድ ናት?»

ለካሁ። ክንድ ከስንዝር ሆነች።

በማግሥቱ ከእርሻው ሲመለስ ልጡ የሻከረ የግራር ግንድ ተሸክሞ መጣ። እሾሁን በመጥረቢያ አጽድቶታል። ከአልጋው አጠገብ፣ ድመቷ ከእንቅልፏ በምትነሣበት በኩል፣ የጭቃውን ወለል ቆፍሮ ቀበረው፤ ገፍቼ እንድሞክረው አደረገኝ፤ አልተነቃነቀም። አባቴ በአዲስ ከተካው በኋላ እናቴ ያስቀመጠችውን የተበጠሰ ጠፍር ለምኜ አገኘሁና ድመቷ የራሷን ሽታ እንድታገኝበት ግንዱ ላይ አሰርሁት። ጆንያ የጠቀለልሁበትን እንጨት አቃጠልሁት። ከዚያም ከመንግሥት እርሻ የሚመጣ የማዳበሪያ ፕላስቲክ ከረጢት ቀድጄ የአልጋውን ግርጌ ሸፈንሁ። እማማም የታችኛውን ረድፍ ሰሊጥ በዚያው ሸፈኑት፤ ጥፍር ያንሸራትታል።

አርብ ከሰዓት በኋላ ድመቷ ነቃች። ወደ አልጋው ሄዳ እጇን ዘረጋች፤ ፕላስቲኩ አንሸራተታት። ደግማ ሞከረችና ቁጭ ብላ እጇን ላሰች። እናቴ ጥጥ መፍተሏን አቁማ ታያታለች። ድመቷ ዞረች፣ ግንዱን አሸተተች፣ ከዚያ ቆማ እስከ ጫፉ ተንጠራራች። የልጡ ፍርፋሪ መሬት ላይ ወረደ።

«መሬቱን መጥረግ ያንች ሥራ ነው» አለችኝ እናቴ።

ቅዳሜ መኪናው መጣ። አባቴ የተቧጨረውን ግንድ አይቶ ነበርና ወጥቶ ሾፌሩን፣ «እስኪ ለሚቀጥለው ሳምንት» አለው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አስተርእዮ ማርያም ስለነበረች መኪናው ሳይመጣ ቀረ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት በየማለዳው ከትምህርት ቤት በፊት እየገባሁ እያንዳንዱን ጆንያ በእጄ ዳበስሁ። የድመቷን ጥፍር ጫፍ ሁለት ጊዜ ቆረጥሁ። እማማ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል፤ አይቀርቡም።

በሦስተኛው ቅዳሜ መኪናው የመጣው የእማማን ሰሊጥ ራሱን ሊጭን ነበር። ጫኞቹ አንድ ጆንያ ባወጡ ቁጥር እማማ ያስቆሟቸዋል፤ ጎኑን በመዳፋቸው ዳብሰው «እለፍ» ይላሉ። ድመቷ መስኮት ላይ ተቀምጣ ታያለች። አባቴ እጁን ከኋላው አጣምሮ ቆሟል። የመጨረሻው ጆንያ ሲወጣ እማማ ክፍሉ ውስጥ ገብተው ወለሉን አዩ። ምንም የፈሰሰ አልነበረም።

ሾፌሩ ወደ አባቴ ጠጋ አለ። «መምህር፣ ድመቷስ? ጆንያ ይዣለሁ።»

አባቴ መልስ ከመስጠቱ በፊት እማማን አያቸው።

«ድመት ከፈለግህ ሌላ ቤት ጠይቅ» አሉት እማማ ሾፌሩን። «ይች ሥራ ይዛለች።»

አባቴ ገባና አልጋው ግርጌ ላይ፣ መጀመሪያ በእጁ ጫን ጫን አድርጎ ፈትሾ፣ ጫማውን ሊያወልቅ ቁጭ አለ። ይህ የሆነው ቅዳሜ፣ ጥር 28 ቀን 1975 ዓ.ም. ነው።